«ጨረሩ በእኔ ላይ ይቀራል ወይ?»

ኒውክለር ፊዚክስ የወሰዳችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት በሃንድአውቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ገጽ የማትሞላ አንዲት ክፍል አለች። ርዕሷ «ፎቶኒውክለር ሪአክሽን እና ጃይንት ዳይፖል ሬዞናንስ» ይላል። ሴሚስተሩ አንድም ጊዜ እሷ ጋ ደርሶ አያውቅም። የአልፋ መፍረስ፣ የቤታ መፍረስ፣ ሼል ሞዴል እየተባለ ይከረምና በመጨረሻው ሳምንት «እሷን ራሳችሁ አንብቧት፤ ፈተና ላይ አትመጣም» ይባላል። ፈተና ላይ አትመጣም የተባለ ነገር ደግሞ በእኛ ዶርም ማን ያነባል? እኔም አላነበብኳትም ነበር። ያነበብኳት ቆይቼ፣ በሌላ ምክንያት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ያች ክፍል ከመጨረሻው ገጽ ወጥታ ወደ መካከል ትምጣ፣ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ጊዜ ይሰጣት ለማለት ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ የተወለድኩት ጥርባ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አክስቴ የማህፀን በር ካንሰር ይዟት የጨረር ሕክምና ታዘዘላት። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ ይዟት አባይ በረሃን ተሻገረ። ሕክምናዋን ጨርሳ ተመለሰች። ስትመለስ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቡና ሲፈላ የእሷ ስኒ ለብቻዋ ሆነች። ማንም በግልጽ የተናገረ የለም፤ ስኒዋ ብቻ ከረከቦቱ ወርዳ ጥግ ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ነፍሰ ጡር ምራቷን «እዚያ ቤት እንዳትገቢ፣ ጨረር አለባት» ብላ መከልከሏን ሰማን።

አክስቴ አንድ ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ «አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ትውላለህ፤ እስቲ ንገረኝ። ጨረሩ በእኔ ላይ ይቀራል ወይ? ልጆቼን ብስም ይነካቸዋል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በማግስቱ የሳይንስ አስተማሪያችንን ጠየቅኩ። «ጨረር አደገኛ ነው፤ ለማንኛውም መጠንቀቁ ነው» አሉኝ። ሰውየው በፊዚክስ ዲግሪ ያላቸው፣ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። አሁን ሳስበው እሳቸውም ያችን የመጨረሻ ክፍል ራሳችሁ አንብቧት ተብለው የተመረቁ ይመስለኛል።

የአክስቴ ጥያቄ ሲታይ የሕክምና ጥያቄ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የኒውክለር ፊዚክስ ጥያቄ ነው። በእኛ ቋንቋ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ አንድ የጋማ ፎቶን የአንድን ኒውክለስ ማንነት ለውጦ ራዲዮአክቲቭ ሊያደርገው የሚችለው መቼ ነው? ብርሃን ግድግዳ ላይ አርፎ መብራቱ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ምንም አይቀርም። ጋማም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ኤሌክትሮኖችን ይነቅላል፣ ሞለኪውል ይበጥሳል፣ የካንሰሩን ሴል ይገድላል፤ ኒውክለሱን ግን አይነካውም። ኒውክለሱን ለመንካት ፎቶኑ ቢያንስ አንድ ኒውትሮን ወይም አንድ ፕሮቶን ከታሰረበት ነቅሎ የሚያወጣ ኃይል ሊኖረው ይገባል። ይህ የኃይል ወለል ከኒውክለስ ኒውክለስ ይለያያል። እጅግ ዝቅተኞቹ የቤሪሊየም (1.67 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት) እና የከባዱ ሃይድሮጅን የዲውተሪየም (2.22) ናቸው። ለናይትሮጅን 14 ኒውትሮን ለማውጣት 10.6፣ ለኦክስጅን 16 15.7፣ ለካርበን 12 ደግሞ 18.7 ያስፈልጋል።

በዚያን ዘመን ጥቁር አንበሳ ይሠራ የነበረው የኮባልት 60 ማሽን ነው። ኮባልት 60 የሚያወጣቸው ሁለት ጋማዎች 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ናቸው። እስቲ ከላይ ካለው ጋር አነጻጽሩት። ከቤሪሊየሙ እንኳን አይደርስም። ከሰው አካል ክብደት ከመቶ 96 እጅ ያህሉ ኦክስጅን፣ ካርበን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ነው። ኮባልቱ ለአንዱም አይደርስ። ስለዚህ ለአክስቴ የሚሰጠው መልስ «ትንሽ ይቀራል» ወይም «ለማንኛውም ተጠንቀቂ» ሳይሆን ጨርሶ አይቀርም የሚል ነው። ከክፍሉ በወጣችበት ደቂቃ ከማንኛችንም የተለየች አልነበረችም። ስኒዋ ከረከቦቱ የወረደችው በከንቱ ነው። ይህን ለመናገር የሚያስፈልገው አራት ቁጥር ማነጻጸር ብቻ ነበር።

(ግራ እንዳይገባ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የምለው ከውጭ በማሽን ለሚሰጥ ጨረር ነው። ለእንቅርት ዕጢ ሕመም አዮዲን 131ን በአፍ የወሰደ ሰው ራዲዮአክቲቩን ነገር ራሱን በሰውነቱ ይዞ ስለሚወጣ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ራቅ በል ሲባል ትክክል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት ያለበትም የፊዚክስ ምሩቅ ይመስለኛል።)

እዚህ ላይ «ታዲያ ይሄ ወለሉን ማወቅ ብቻ ነው፤ ሬዞናንሱ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ሬዞናንሱን ያመጣው የማሽኑ መለወጥ ነው። በቅርብ ዓመታት ጥቁር አንበሳም ሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል በሊኒያር አክስለሬተር ማከም ጀምረዋል። ይህ ማሽን ራዲዮአክቲቭ ምንጭ የለውም። ኤሌክትሮን አፋጥኖ ከተንግስተን ጋር ያጋጫል፤ ከግጭቱ ኤክስሬይ ይወጣል። በዓለም ላይ ያሉት ማሽኖች በ6፣ በ10፣ በ15፣ በ18 ሜጋቮልት ይሠራሉ። 18 ሜጋቮልት ማለት የሚወጡት ፎቶኖች እስከ 18 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሊደርሱ ይችላሉ ማለት ነው። እንግዲህ ናይትሮጅንም ኦክስጅንም ወለላቸው ታለፈ። አሁን የአክስቴ ጥያቄ በወለል ብቻ አይመለስም። ወለሉ ከታለፈ በኋላ ስንቱ ፎቶን ነው ኒውክለስ የሚነካው? ይህን የሚወስነው ጃይንት ዳይፖል ሬዞናንስ ነው።

ሬዞናንሱን እኔ የገባኝ ከእናቴ ወተት ስንጥ ባየሁት ነገር ነው። ቅሉን ወደ ራስህ ስትስበው ወተቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቅሉን ስትገፋው ወተቱ ወደ አንተ ይመጣል። እንዲሁ ከቸኮልክ አይሆንም፣ ከዘገየህም አይሆንም። እናቴ «አትቸኩል፣ ልኩን ያዝለት» ትለኝ ነበር። ልኩ ሲያዝ በትንሽ ጉልበት ወተቱ ሁሉ በአንድነት ይወዛወዛል፤ አንድ ጠብታ ብቻዋን አትሄድም። ኒውክለስም በትክክለኛው ኃይል የመጣ ፎቶን ሲያገኘው እንዲሁ ነው። የፎቶኑ ኤሌክትሪክ ፊልድ ቻርጅ ያላቸውን ፕሮቶኖች በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ የክብደት ማዕከሉ ከቦታው ስለማይነሳ ኒውትሮኖቹ በሙሉ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ዳይፖል የተባለውም ለዚህ ነው። ምሳሌው እንደማንኛውም ምሳሌ ይጎድላል፤ ኒውክለሱ ውስጥ ቅል የለም፣ ሁለቱም ወተት ናቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ይናጣል።

የሚናጥበት ልክ ደግሞ በኒውክለሱ ትልቅነት ይለያል። ትልቅ ቅል ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ቅል ፈጥኖ እንደሚናጥ ማለት ነው። ለመካከለኛና ለከባድ ኒውክለሶች የሚሠራ ቀላል ቀመር አለ፦ 31.2ን ለማስ ቁጥሩ ኪዩብ ሩት፣ 20.6ን ደግሞ ለማስ ቁጥሩ ስድስተኛ ሩት አካፍሎ መደመር። ለእርሳስ 208 ብትሠሩት 13.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል፤ የተለካው ወደ 13.5 ገደማ ነው። በካልኩሌተር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እስቲ ሞክሩት። ለተንግስተንም መልሱ 14 አካባቢ ነው። ለቀላል ኒውክለሶች ቀመሩ እምብዛም አስተማማኝ ባይሆንም የኦክስጅን 16 ጫፍ ከ22 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። በ18 ሜጋቮልት ማሽን ፊት የተኛ ሰው ከቀላል ኒውክለሶች የተሠራ ነው፤ ሬዞናንሱ ከማሽኑ አቅም በላይ ነው። ፎቶኖቹ የሚነኩት ጅራቱን ብቻ ነው፤ ደግሞም ከሚወጡት ፎቶኖች አብዛኞቹ ከ18 እጅግ ያነሰ ኃይል ነው ያላቸው። ማሽኑ ራሱ ግን ከተንግስተንና ከእርሳስ የተሠራ ነው፤ የእነሱ ሬዞናንስ እዚያው መካከል ላይ ነው የተቀመጠው። እንግዲህ ከሁለቱ በይበልጥ ኒውትሮን የሚያመነጨው ታካሚው ሳይሆን የማሽኑ ራስ ነው! በታካሚው አካል የሚፈጠረው ኦክስጅን 15 በጣም ጥቂት ነው፤ ግማሽ ዕድሜውም 2 ደቂቃ ነው። የናይትሮጅን 13 ደግሞ 10 ደቂቃ ነው። ታካሚው ልብሱን ለብሶ፣ ቀጠሮውን አስጽፎ፣ ታክሲ እስኪይዝ ድረስ የሚቀር የሚወራለት ነገር የለም። ስለዚህ በአዲሱ ማሽን ለታከመ ሰውም መልሱ ያው «ልጆችህን አቅፈህ ሳም» ነው። የሚለየው መልሱን የምናገኝበት መንገድ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ። እሱ በቀን ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል። ኮባልቱ ክፍል የሚያሳስበው ጋማው ብቻ ነበር፤ ለጋማ እርሳስ ይበቃል። ለኒውትሮን ግን እርሳስ እንደ ወንፊት ነው። ኒውትሮን የሚያዘገየው ቀላል ኒውክለስ፣ በተለይ ሃይድሮጅን ነው። በውስጡ ውሃ የያዘ ወፍራም ኮንክሪት፣ ፖሊኤቲሊን፣ ከዚያ የዘገየውን ኒውትሮን የሚውጥ ቦሮን ያስፈልጋል። የክፍሉ መተላለፊያ ጠመዝማዛ የሚሆነው፣ በሩም የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ጨረሩ ከተዘጋ በኋላም ኒውትሮን የዋጠው ብረታ ብረት ለጥቂት ጊዜ ጋማ ይሰጣል፤ ለምሳሌ አሉሚኒየም 28 ግማሽ ዕድሜው 2.24 ደቂቃ ነው፤ ተንግስተን 187 ደግሞ 23.7 ሰዓት ነው። በ6 ሜጋቮልት የሚሠራ ክፍል ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም ማለት ይቻላል። ከ10 በላይ ሲሆን ግን ስሌቱ በሙሉ ይለወጣል። ወደፊት በየክልሉ እንዲህ ዓይነት ክፍል ሲሠራ ግድግዳውን ማን ያሰላዋል? በሩ ሲመጣ ቦሮን አለበት ወይስ እርሳስ ብቻ ነው ብሎ የሚጠይቅስ ማን ነው? ሜዲካል ፊዚክስ ለማስተርስ የሚሄዱት ከእኛው ዲፓርትመንት የሚወጡ ልጆች ናቸው። እነሱም ሬዞናንሱን «ራሳችሁ አንብቡት» የተባሉ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስናቀርብ እኔ «የተንግስተንና የኦክስጅን ፎቶኒውክለር ክሮስ ሴክሽን ንጽጽር» የሚል ፕሮፖዛል ጻፍኩ። ተመለሰ። የተሰጠኝ ምክንያት «ማሽን የት አለንና ነው?» የሚል ነበር። ክፉ ልብ ኖሯቸው አይደለም፤ ሳልጨርስ እንዳልቀር አዝነውልኝ ነው። ቢሆንም ምክንያቱ ምክንያት አልሆነልኝም። ዝም ብዬ ሌላ ርዕስ ወሰድኩ፤ ግን ነገሩ በሆዴ ቀረ።

ማሽን የለንም። ልክ ነው። ግን ይህ የፊዚክስ ዘርፍ ራሱ የተጀመረው ያለ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሞሪስ ጎልድሃበር የሚባል ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ተማሪ ካምብሪጅ ውስጥ ለጄምስ ቻድዊክ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ዲውተሪየምን በጋማ ብንመታው ይሰበራል አለው። ቻድዊክ እንኳን ኒውትሮንን ያገኘ ሰው ነው፤ «ማሽን የት አለና» አላለውም። ከቶሪየም ዘር የሚወጣ 2.62 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ተጠቀሙ። ያ ጋማ የሚመጣው በተፈጥሮ ከሚፈርስ ታሊየም 208 ነው፤ ማንም አላፋጠነውም። ዲውተሪየሙ ተሰበረ። ከዚያም የኒውትሮን ክብደት ከሃይድሮጅን አቶም እንደሚበልጥ በትክክል ለማወቅ ቻሉ። ኒውትሮን ብቻውን ሲሆን ለምን እንደሚፈርስ የምንማረው ነገር መነሻው ይህ የአንድ ተማሪ ፕሮፖዛል ነው። በ1937 ቦተና ጌንትነር በ17 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ መዳብን መትተው ከጠበቁት በላይ ብዙ ራዲዮአክቲቭ መዳብ አገኙ። ሚግዳል በ1940ዎቹ አጋማሽ ሬዞናንሱን በንድፈ ሐሳብ ተነበየ፣ በወረቀትና በእርሳስ። ባልድዊንና ክላይበር በ1947 በቤታትሮን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጎልድሃበርም ተመልሶ መጥቶ በ1948 ከኤድዋርድ ቴለር ጋር ስለ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች መናጥ ማብራሪያ ሰጠ። ያው ተማሪ፣ ከ14 ዓመት በኋላ።

ዛሬ ደግሞ ከ1934ቱ ይልቅ ለድሃ ተማሪ የተመቸ ዘመን ነው። በዓለም ዙሪያ የተለኩ ክሮስ ሴክሽኖች ኤክስፎር በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ በነጻ ተቀምጠዋል፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የፎቶኒውክለር ቤተ መረጃውን እንደገና አዘጋጅቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ታሊስ የሚባለው የኒውክለር ሪአክሽን ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፤ በእኛ ላብ ባሉት አሮጌ ኮምፒውተሮችም ይሮጣል። እኔ ፕሮፖዛሉ ከተመለሰ በኋላ ለራሴ እልህ ብዬ ኢንተርኔት ባገኘሁበት ቀን አውርጄ ሠርቼዋለሁ። ከአህጉራችንም ሳንወጣ ደቡብ አፍሪካ ያለው አይቴምባ ላብስ ሬዞናንሶችን በ200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን ሲያጠና የኖረ ቤተ ሙከራ ነው። አንድ ቀን እዚያ ለመሄድ የሚያመለክት ልጅ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ሊያነብ አይገባም።

ማሽን የለም ለሚሉት አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ማሽን ባይኖርም የማሽኑ ሥራ ውጤት መሬታችን ውስጥ ተቀብሮ አለ። ጉጂ ዞን ቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን አለ። ታንታለም በስልካችን ውስጥ ላለችው ትንሽ ካፓሲተር የሚውለው ብረት ነው። ከተፈጥሮ ታንታለም ከመቶ 99.988 እጁ ታንታለም 181 ነው። የቀረው 0.012 ደግሞ ታንታለም 180 ነው፤ ያውም በመደበኛ ሁኔታው ሳይሆን በኤክሳይትድ ስቴት ላይ ያለ። ነገሩ የሚገርም ነው። መደበኛው ታንታለም 180 በ8 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። ከእሱ በ77 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ግን ስፒኑ 9 ስለሆነ (የታችኛው 1 ነው) መውረጃ አጥቶ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ሲፈርስ ያየው ማንም የለም። አሜሪካ ውስጥ ከመሬት በታች 17 ኪሎ ግራም ታንታለም አስቀምጠው ሲጠብቁ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ውጤት እነሱም አላዩም። በተፈጥሮ የሚገኝ እንዲህ ያለ ኢሶመር እሱ ብቻ ነው።

ከየት መጣ? ከብረት በላይ ያሉት አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች ኒውትሮን በመዋጥ የተሠሩ ናቸው። 35 ያህል ኒውክለሶች ግን በዚያ መንገድ አይደረስባቸውም፤ ከሰሌኒየም 74 እስከ ሜርኩሪ 196 ድረስ ተበታትነው ይገኛሉ። እነዚህን በዋናነት የሠራቸው በሚፈነዳ ኮከብ ውስጥ የነበረ ፎቶን ነው ተብሎ ይታመናል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 3 ቢሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ፎቶኖቹ አስቀድመው የነበሩትን ከባድ ኒውክለሶች ኒውትሮናቸውን ይነቅሏቸዋል፤ ልክ እንደ ማሽኑ ራስ እንደ ተንግስተኑ። ለታንታለም 181 ይህ ወለል 7.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። አንድ ኒውትሮን ሲወጣ ታንታለም 180 ይሆናል። ሁሉም በዚህ መንገድ ነው የመጣው ብዬ አልከራከርም፤ ኒውትሪኖም፣ የዝግታው የኒውትሮን መዋጥም ድርሻ አላቸው የሚሉ አሉ፤ የድርሻው መጠን ዛሬም ያከራክራል። ግን ለመከራከር እንኳን የታንታለምን ሬዞናንስ ማወቅ ግድ ነው። የታንታለም 181 ኒውክለስ ክብ ሳይሆን ሞላላ ስለሆነ ሬዞናንሱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ጫፍ 12 ገደማ፣ ሌላው 15 ገደማ። በረጅሙ ሲናጥ ቀስ ይላል፣ በአጭሩ ሲናጥ ይፈጥናል። ክብ አለመሆኑን ሳናየው በመናጡ አወቅነው ማለት ነው። ይህን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብትነግረው አይረሳውም።

አንድ ግራም ታንታለም ውስጥ ስንት የዚህ ኢሶመር አቶም እንዳለ አስልቼ ነበር፤ 4 ሲባዛ በ10 ላይ 17 ይመጣል። ይህን የያዘ ድንጋይ ከአገራችን ተቆፍሮ በጆንያ ሲጫን ኖሯል። እኛ ደግሞ የአስትሮፊዚክስ ምሳሌ ስንፈልግ ሁልጊዜ የፈረንጅ መጽሐፍ ምሳሌ እንገለብጣለን።

አሁን ደግሞ የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛው «የመውጫ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚለው ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመጣ ወዲህ በየክፍሉ የሚጠየቀው ይህ ጥያቄ ብቻ ሆኗል። አልፈርድም፤ ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ እኔም እፈራዋለሁ። ነገር ግን ስለ ታንታለም ባይጠየቅም ስለ ኃይል ወለል፣ ስለ ክሮስ ሴክሽን፣ ስለ ግማሽ ዕድሜ፣ ስለ ክብደትና ኃይል እኩልነት መጠየቁ አይቀርም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሠራ ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ አላገኘሁም። የኪው ቫሉ ስሌትን ማንም በማያስታውሰው የአልፋ ሪአክሽን አሥር ጊዜ ከምንሠራ ሁለቱን በጋማ ብንሠራቸው ምን ይጎድላል?

ሁለተኛው «ሥርዓተ ትምህርቱ አገር አቀፍ ነው፣ አንነካውም» የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ግን የምለው አዲስ ኮርስ ይከፈት አይደለም። ክፍሏ አለች፤ ተጽፋለች። አስተምሯት ነው የምለው። የጊዜ እጥረት ከሆነ ከሊኩዊድ ድሮፕ ሞዴሉ ላይ ሳምንት መቀነስ ይቻላል፤ አምስቱን የክብደት ቀመር ኮፊሸንቶች በቃል አጥንተን በነጋታው የምንረሳበት ሳምንት አለ፣ እሱን። እንዲያውም ሬዞናንሱን ስትማሩ የክብደት ቀመሩ ውስጥ ያለችው የፕሮቶንና የኒውትሮን አለመመጣጠን የምትለዋ ተርም ለምን እንደመጣች ይገባችኋል። ፕሮቶኖቹንና ኒውትሮኖቹን ሲለያዩ የሚመልሳቸው ጉልበት ያው እሷ ናትና። በነገራችን ላይ ይህችው ጉልበት ናት የኒውትሮን ኮከብ ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትወስነው፤ በኦሳካ እ.ኤ.አ. በ2011 የእርሳስ 208ን የዳይፖል ምላሽ በጥንቃቄ የለኩትም ለዚህ ነው። ይህን በሌላ እትም እመለስበት ይሆናል፤ አሁን ጉዳዬ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በዶርም የሰማሁት ነው። «አንተ አስተማሪ ሆነህ ጥርባ ወይ ዳንግላ ልትመደብ ነው፤ ለ9ኛ ክፍል ጃይንት ዳይፖል ልታስተምር ነው ወይ?» ብሎ የሳቀብኝ ጓደኛ አለ። ወንድሜ፣ ለ9ኛ ክፍል አላስተምርም። ግን አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ቲቸር፣ አክስቴ ጨረር ታክማ መጣች፤ ስኒዋን እንለይ ወይ?» ቢለኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ከእኛ ዲፓርትመንት የሚወጣው አብዛኛው ተማሪ አስተማሪ ነው የሚሆነው፤ በየወረዳው ስለ ጨረር የሚጠየቀው እሱ ነው። ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ሥራም ይበዛበታል።

አክስቴ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም አለች። ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ ነገሩን አነሳሁላት። በአዊኛም በአማርኛም እያደባለቅኩ፣ ቅሉንም ወተቱንም እያመጣሁ አስረዳኋት። የኮባልቱ ጋማ ቅሉን ሊንጥ ቀርቶ ሊነቀንቀው እንደማይችል፣ እሷም አንድም ቀን ጨረር ይዛ እንዳልዞረች ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ይሄን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእነ እንትና ንገር» አለችኝ፤ በአገጯ ወደ ጎረቤት አጥር እያሳየች። ሄድኩ። ሴትየዋ ቡና አፍልተው ነበር፤ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ያኔ ነፍሰ ጡር የነበረችው ምራታቸውም፣ በሆዷ የነበረው ልጅም ነበሩ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሲሰሙኝ ቆዩና «እንግዲህ ማን ነገረን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ጽሑፍ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊና ለኮርሱ መምህራን በአካልም አቅርቤዋለሁ፤ በሚቀጥለው የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ እንዲነሳ ጠይቄያለሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በዚያ ስብሰባ ላይ ተወካያችሁን መላክ ትችላላችሁ። ታሊስን እና የተንግስተን፣ የኦክስጅን፣ የእርሳስና የታንታለም ውጤቶችን በላፕቶፔ ላይ ይዣለሁ፤ ከግራፎቹ ጋር 2 ጊጋ አይሞላም። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላብ አልጠፋም። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ቫይረስ የሌለበት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።